ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ወይስ ከፓርኩ ማዶ ያለው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ካነበብኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራይትዉድ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ ሁለተኛ።

ጭንቀቴ የሴቷ ነው። በሚመጣው ኦገስት ስድስተኛ ትገባለች። በሰፈራችን የሚደርሳት አይዳ ቢ ዌልስ የሚባለው ሚድል ስኩል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለማገኛቸው እናቶች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። አንዷማ «ልጅሽን ልታበላሺያት ነው?» አለችኝ። ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት ስለሆነች ቃሏ ከውስጤ አልወጣም።

ባለቤቴ ከሮክ ክሪክ ፓርክ ማዶ የሚኖር የአጎት ልጅ አለው። በእሱ አድራሻ እዚያ ያለው አሊስ ዲል ሚድል ስኩል እናስመዝግባት ይላል። «ማን ያያል? ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይለኛል። ካልሆነ ደግሞ ከዲሲ ወጥተን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንግባ ይላል። የቤታችን ኪራይ ግን የቆየ ነው፤ ይህን ከለቀቅን እንዲህ ያለ ዋጋ አናገኝም።

ሎተሪ የሚባለው ነገርም አለ። ትምህርት ቤቷ ሄጄ ጠይቄ ነበር። የምታስተረጉምልኝ ራሷ ልጄ ናት። ሴትየዋ ፈጥና ትናገራለች፣ ልጄ ግማሹን ትነግረኛለች፣ እኔም አፈርኩና «ገባኝ» ብዬ ወጣሁ። ምንም አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ኩሽና ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ልጄ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። «እኔ ከጓደኞቼ ጋር ነው መሄድ የምፈልገው፤ ለምንድን ነው እኔን የማትጠይቁኝ?» አለችና እያለቀሰች ተመለሰች። እስከ ማርች መወሰን አለባችሁ ተብለናል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት፣ ከብራይትዉድ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ገባኝ ብዬ ወጣሁ» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔም ብያታለሁ፣ ስንት ጊዜ። ሐኪም ቤት ብያታለሁ፣ ባንክ ብያታለሁ፣ የልጄ አስተማሪ ፊት ብያታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ጠዋት እንቅልፍ በዓይን ላይ እያለ፣ በሰው ቋንቋ ስለ ልጅ ዕጣ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያልገባሽን ነገር እናፍታታው። ከዚያ ወደ ባልሽና ወደ ልጅሽ እንመለሳለን።

ሎተሪ ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣብን ዲቪ ነው። ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ ባዶ እጅ። የዲሲው እንደዚያ አይደለም። አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። በዚህ ከተማ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ማንኛውም ልጅ አድራሻው በሚደርሰው የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው። ልጅሽ ዌልስ ለመግባት ሎተሪ ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ሎተሪ ብትሞሉና ባይደርሳት ያ ቦታ የትም አይሄድም። ሎተሪው ሌላ ቦታ ደርሷት ሐሳባችሁን ብትቀይሩ እንኳ የሰፈሯ ትምህርት ቤት ይቀበላታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ። ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ማመልከቻ ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትጽፋላችሁ። ኮምፒዩተሩ ለልጅሽ ዕጣ ቁጥር ይሰጣታል። ከዚያ ከዝርዝራችሁ አናት ጀምሮ ያያል። አንደኛው ጋ ቦታ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አንድ ቦታ ከደረሳት ከዚያ በላይ የጻፋችኋቸው ጋ ወረፋ ትይዛለች፤ ከዚያ በታች ያሉት ይሰረዛሉ። ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ይሄ ከባድ ነው፣ አንደኛ ባደርገው ሁለተኛውንም አጣለሁ» ብለው የሚወዱትን ወደ ታች የሚገፉ አሉ። አታጡም። ከልብ የምትፈልጉትን አንደኛ፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን ሁለተኛ ጻፉ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ከዌልስ አብልጣችሁ የማትመርጡትን ትምህርት ቤት አትጻፉ። ዝርዝሩ 12 መሙላት የለበትም። ሦስት ብቻ ብትጽፉ ማንም አይቆጣችሁም።

ለእሷ ክፍል ማመልከቻው የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ውጤቱ በማርች መጨረሻ ይመጣል። ከደረሳት እስከ ሜይ መጀመሪያ ካልተመዘገበች ቦታው ይወሰዳል። ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ስለሚንሸራሸር ትክክለኛውን ከድረ ገጹ እይና ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊው። የሚዘጋበት ቀን ቢያልፍባችሁም ማመልከት ይቻላል፤ ግን የወረፋው ጭራ ላይ ነው የምትገቡት።

ምን ምን አለ ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ሰፈር ሆኜ ባስብ እንዲህ አየዋለሁ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የድሮው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዲሲ ኢንተርናሽናል የሚባል ቻርተር አለ። ቻርተር ማለት በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ የማይከፈልበት፣ ግን ራሱን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ነው። ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ነው። ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ያስተምራል። ችግሩ አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት አባል ከሆኑት የቋንቋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆች ናቸው። ለሌላው የሚቀረው ጥቂት ነው። ጥቂት ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ጻፉት። ሰፈራችሁ ውስጥ ፖል የሚባለውም አለ። ድሮ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፣ ከ2000 ጀምሮ ቻርተር ሆኗል። ዋሽንግተን ላቲን የሚባለው ቻርተርም ሩቅ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ግን ከአምስተኛ ክፍል ነው የሚጀምሩት፤ በስድስተኛ የሚገባ ልጅ የተረፈውን ወንበር ነው የሚያገኘው። ይህን አምና ማንም ስላልነገረሽ አዝናለሁ። ለወንዱ ልጅሽ ግን ያዢው። እሱ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ነው ማሰብ የምትጀምሪው።

አሊስ ዲል ራሱም በሎተሪው ሊጻፍ ይችላል። በግልጽ ልንገርሽ፣ የራሱ ክልል ልጆች ሞልተውታል፤ ከውጭ ለሚመጣ በሩ በጣም ጠባብ ነው። ባልሽ አድራሻ መዋስን ያሰበውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወደ አድራሻው እንምጣ።

ባለቤትሽን አልፈርድበትም። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ከፓርኩ ማዶ ያሉትን ቤቶች፣ ሣሩን፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የሚሄዱትን ልጆች በየቀኑ በመስተዋት ያያል። «የኔ ልጅ ለምን ከዚህ ታንሳለች?» ቢል ምን ይገርማል? ግን ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ተከትለን እንየው። ምዝገባ ላይ «የምኖረው እዚህ ነው» ብላችሁ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ማስረጃ ይጠየቃል። የአጎቱ ልጅ ሰነድ ላይ ያለው ስም የእናንተ አይደለምና አንዱ ውሸት ሌላ ውሸት ይጠራል። ከታወቀ ቦታዋን ልታጣ ትችላለች፤ ምናልባትም በዓመቱ መሀል፣ ጓደኛ ካፈራች በኋላ። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ፎርም ላይ ውሸት መፈረም ጨርሶ አይሞከርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ውሸቱን በየቀኑ ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። አስተማሪዋ «ቤትሽ የት ነው?» ስትላት ምን ትበል? ጓደኛዋ «አብረን በእግር እንሂድ» ስትላትስ? የ11 ዓመት ልጅ ናት። ቤቷን እንድትደብቅ አናስተምራት።

ስለ ርቀቱም ልበል፣ እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት እናዘዛለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት አስገብቼው ነበር፣ በሕጋዊ መንገድ። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ዛሬ የዲሲ ተማሪ ባቡርም አውቶቡስም በነፃ ይሄዳል፤ እኛን ግን ያኔም የጎዳን ገንዘቡ አልነበረም። ጊዜው ነው የጎዳን። ልጁ ሲጨልም ይመጣል፣ ምግቡ ላይ ያንቀላፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጓደኛ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ወጣ፣ አልዋሽሽም። ግን አሁን ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ «እማዬ፣ እኔ እኮ ሚድል ስኩል እያለሁ ሰፈር አልነበረኝም» አለኝ በቀደም። አልጠየቅሁትም ነበር፤ ያንቺ ልጅ ግን ሳትጠየቅ ተናገረች። ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት።

ሲልቨር ስፕሪንግን በሁለት ቃል ልለፈው። እዚያም ቢሆን ልጅ የሚመደበው በአድራሻ ነው፤ ሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው የሚያወራላቸው የታኮማ ፓርክ ሚድል ስኩል የሂሳብና ሳይንስ፣ የኢስተርን ሚድል ስኩል የቋንቋና ማኅበራዊ ልዩ ፕሮግራሞች መምረጫ አላቸው፤ ልጆቹ የሚታዩት አምስተኛ ክፍል እያሉ ነው። በዚህ ክረምት ተነስታችሁ ብትገቡ ለእነዚያ ሳትደርሱ አትቀሩም ብዬ አላታልልሽም። በዚያ ላይ ዲሲ ያሉት የድሮ ሕንፃዎች የኪራይ ጭማሪያቸው በሕግ የተገደበ ነው። ያ ቤት ከእጅሽ ከወጣ ወጣ። ሌላ ምክንያት ካላችሁ፣ ሥራ ወይም ዘመድ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ለስድስተኛ ክፍል ብቻ ብላችሁ ግን አትልቀቁ ባይ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ በዲሲ አድራሻ ማስተማርማ ከዚያም የባሰ ነው፤ የተያዘ ሰው ያለፈውን ዓመት ክፍያ ሁሉ ነው የሚጠየቀው።

የቤተ ክርስቲያኗ እናትስ? ልጆቿን አሳድጋ ጨርሳለች ብለሽኛል። መቼ? ይህን የምልሽ አይዳ ቢ ዌልስ የተከፈተው በ2019 ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በእናንተ አካባቢ የነበሩት አንደኛ ደረጃዎች ልጆቹን እስከ ስምንተኛ ይዘው ነበር የሚያቆዩት፤ ለብቻው የቆመ መደበኛ የመንግሥት ሚድል ስኩል አልነበረም። ሴትየዋ ልጆቿን ያሳደገችው ያኔ ከሆነ የምትነግርሽ ስላልነበረ ትምህርት ቤት ነው። በክፋት አይደለም፤ ወሬ ከሕንፃ በላይ ዕድሜ ስላለው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብዬ እኔም ልፈርድልሽ አልችልም። በዓይንሽ እዪው።

እንዴት ታይዋለሽ? ክፍት ቀን ሲኖር ሂዱ፣ ግን ያ ቀን ሁሉም ቤቱን ጠርጎ የሚጠብቅበት ቀን ነው። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። አንድ የሥራ ቀን ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት ላይ ከበሩ ማዶ ቁሚ። ሃያ ደቂቃ ብቻ። ልጆቹ እንዴት እያሉ ይወጣሉ? ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዴት ያደርጓቸዋል? አዋቂ ሰው በር ላይ አለ? ስማቸውን ይጠራል? ከዚያ አንድ አበሻ እናት አታጪም፤ ጠጋ በይና «ልጅሽ እዚህ ነው?» በያት። የአንድ ዓመት ወሬ በአሥር ደቂቃ ትሰሚያለሽ።

ውስጥ ስትገቢ የምትጠይቂው ብዙ አይሁን። በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ይሰጣል ወይ? ልጄ ወደ ኋላ ብትቀር ወይም ከፊት ብትቀድም ምን ታደርጋላችሁ? ከትምህርት በኋላ እስከ ስንት ሰዓት ምን አለ? ጉልበተኛ ልጅ ሲያጋጥም ለወላጅ የሚደውለው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቂ ሰውየው ስም ይጠራልሽ ወይስ «ፖሊሲ አለን» ይልሽ እንደሆነ አስተውዪ።

እባክሽ፣ ልጅሽን አታስተርጉሚያት። ስለራሷ ዕጣ እየተወራ እሷ መሀል ላይ ቆማ የሚያስፈራውን ትታ የሚያስደስተውን ብትነግርሽ ማን ይፈርድባታል? ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛ ደግሞ በዚህ ከተማ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ውለታ እየጠየቅሽ እንዳይመስልሽ። ቀድመሽ ደውዪና «አማርኛ» በይ። አንዲቷ ቃል ትበቃለች፤ ጠብቁ ይሉሻል፣ ሰው በስልክ ይገባል። ሎተሪውንም በስልክ ያስረዱሻል። ሴትየዋ ስትፈጥን «ቀስ በይልኝ» ማለትም ይቻላል። አሥር ጊዜም ቢሆን።

ለምዝገባው የአድራሻ ማስረጃ ጊዜ እንዳይበላሽ አሁን ሰብስቢ። የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የደመወዝ ወረቀትሽ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። የባልሽ ሥራ እንዲህ ያለ ወረቀት ስለሌለው በእሱ በኩል ከሆነ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የተከፈለ የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ ከመሳሰሉት ሁለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኩሽናው እንመለስ። ከባለቤትሽ ጋር የምታወሩት ልጆቹ ሲተኙ በሹክሹክታ አይሁን፤ አንቺ ወደ ሥራ ልትወጪ ጫማሽን እያሰርሽም አይሁን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍዪና ቁጭ በሉ። «አድራሻው ስህተት ነው» ብለሽ አትጀምሪ። «ዌልስ ብትገባ ምን ትሆናለች ብለህ ነው የምትፈራው?» በዪው። መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው። ምናልባት ደኅንነቷን ይሆናል። ምናልባት ኮሌጅ አትገባም ብሎ ይሆናል። የሚፈራው ይህንን ከሆነ የምትነግሪው ነገር አለ፦ ሚድል ስኩል መንገዱን አይዘጋም። ዌልስ አጠገቡ ወዳለው ኩሊጅ ሃይስኩል ነው የሚያስገባው። ከዚያ ውጪ ግን ባነከር፣ ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ማኪንሊ ቴክ የመሳሰሉት ሃይስኩሎች ከየትኛውም የዲሲ ሚድል ስኩል የመጣ ልጅ አመልክቶ የሚገባባቸው ናቸው። እዚያ የሚታየው የልጅቷ ውጤት ነው። ከዌልስ አንደኛ የወጣች ልጅ ከዲል መሀል ላይ ከቀረች ልጅ ወደ ኋላ አትቀርም።

ልጅሽን ደግሞ ጠይቂያት። «የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂያት፤ መልሱን ነግራችኋለች። «ጓደኞችሽ ሁሉ እዚያ ናቸው? ከመካከላቸው አንዷ ሌላ ቦታ ብትሄድ ያኔስ? የምትፈሪው ነገር አለ?» በያት። ያለቀሰችበትን ሌሊትም አንሺላት። «አልጠየቅንሽም፣ ልክ ነሽ» ማለት ለወላጅ ከባድ ነው፣ በተለይ እኛ ባደግንበት ቤት። ግን ሞክሪው። ውሳኔው የእናንተ መሆኑንም አትደብቂያት፤ የምትወስነው እሷ እንደሆነች አድርገሽ በኋላ ከቀየርሽባት ያ ይብሳል።

ከወንዱ ልጅ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እህት ወይም ወንድም ያለበት ትምህርት ቤት በሎተሪ ቅድሚያ ይሰጣል። እሷ እስከ 12ኛ ከሚዘልቅ ትምህርት ቤት ከገባች፣ እሱ ስድስተኛ ሲደርስ እዚያው ስለምትኖር ይጠቅመዋል። እስከ ስምንተኛ ብቻ ከሆነ እሷ ወጥታለች። ዌልስ ከሆነ ግን ሰፈሩ ስለሆነ ቅድሚያም አያስፈልገውም። ይህ ብቻውን የሚያስወስን ነገር አይደለም፤ በእናንተ የሥራ ሰዓት ግን ሁለት ልጅ በሁለት አቅጣጫ ማመላለስ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ ጠይቀሽኛልና፣ የሰፈሩን እንደ መውደቂያ ሳይሆን እንደ አንድ ምርጫ አይቼ እጎበኘዋለሁ። ዲሲ ኢንተርናሽናልንና ሌላ አንድ ሁለት ሎተሪው ላይ እጽፋለሁ። የአጎቱን ልጅ ለፋሲካ ዶሮ እጋብዘዋለሁ፤ አድራሻውን ግን ለራሱ እተውለታለሁ። ከጎበኘሽ በኋላ ሆድሽ እምቢ ካለ፣ እሱንም ማዳመጥ ነው። እናት ሆድ ውስጥ የሚመጣ ነገር ሁሉ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

የጉብኝቱ ቀን ከሌሊት ሥራ ማግስት እንዳይሆን አደራ። ተኝተሽ ሂጂ። ማርች መጨረሻ ላይ ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደወሰናችሁ ጻፊልኝ፤ ልጅቷ ምን እንዳለችም ጭምር።